እንስራ ያዘለች ከተማ

ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን ግብር የገባበትን ቀን፣ የታረደውን ሰንጋ፣ የተጣለውን ጠጅ ሳይሰለቹ ጽፈውልናል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን መጽሐፍ የገለጠ ሰው የዳግማዊ ምኒልክን አዳራሽ በሐሳቡ ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደተሸለመ ያገኛል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር አንዲት ጥያቄ አትለቀኝም፦ ለዚያ ሁሉ ጠጅና ጠላ፣ ለዚያ ሁሉ ሊጥና ወጥ ውሃውን ማን ቀዳው? ከየትስ ቀዳው?

ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። አዲስ አበባን በተመለከተ ግን ከተማዋ እዚህ ቦታ ላይ ለምን እንደቆመች የምትነግረን እርሷ ናት።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን ያደረጉት እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዙሪያውን የሚያሳይ፣ ለጠላት የማይመች ተራራ ነው። ለወታደር ዓይን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ለወጥ ቤትና ለጠጅ ቤት ግን መከራ ነበር። ብርዱ ያጠነክራል፤ ማገዶው በጥቂት ዓመታት ተመናመነ፤ በቂ ውሃ የሚገኘው ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ነው። ባዶ እንስራ ይዞ ቁልቁለት መውረድ ቀላል ነው፤ የሞላውን አዝሎ ዳገቱን መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ዳገት የወጡት ሴቶች ስም በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ከተራራው ግርጌ ፍል ውሃ ነበር። በዚያን ጊዜ ገና እቴጌ ያልተባሉት ጣይቱ ብጡል ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ይታጠቡ፣ በአካባቢው ይሰነብቱ ነበር። ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ቤቱ ተሠራ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። አበባው በስሙ ውስጥ ቀረ እንጂ ከተማዋን የወለዳትስ ውሃው ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. አሁንም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነበር፤ የመንግሥቱ ኑሮ ግን እያደር ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ተሳበ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም እንዲልልኝ እሻለሁ። ፍል ውሃው ባዶ ሜዳ ላይ ሲፈልቅ የቆየና ባለቤት ያልነበረው ውሃ አልነበረም። አገሩ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ስሙ ራሱ ከመሬት የሚፈልቅን ውሃ ያመለክታል። ማዕድን ያዘለውን ውሃ የቱለማ ኦሮሞ አርቢዎች «ሆራ» ይሉታል፤ ከብቶቻቸውን እየነዱ አምጥተው ያጠጡበታል። ከብት ጨው ይወዳል፤ ሆራ የጠጣች ላም ደግሞ ወተቷ ያምራል ይላሉ አርቢዎቹ። በውሃው ዳር ኢሬቻ ይከበርበት ነበር፤ ለአምላክ ምስጋና የሚቀርበው እርጥብ ሣር ተይዞ ነው። ከተማዋ ስትመሠረት ይህ ሥርዓት ከቦታው ተገፋ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በመስከረም 2012 ዓ.ም. «ሆራ ፊንፊኔ» በሚል ስም እዚሁ ከተማ ውስጥ ተመልሶ ተከበረ። ለአንዱ መታጠቢያና መድኃኒት፣ ለሌላው የከብት መጠጫና የምስጋና ቦታ የሆነ አንድ ምንጭ ነው። የከተማዋ ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጣይቱ መውረድ ከጀመረ፣ ከዚያ በፊት የነበረው መጽሐፉ ሙሉ ቀርቶበታል ማለት ነው።

ወደ ጠጁ ልመለስ። «ግብር» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው፤ ባላገሩ ለንጉሡ የሚያስገባውም ግብር ነው፣ ንጉሡ ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ነው። በባንክ መስኮት ጀርባ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቃል ገቢና ወጪ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉበት ሒሳብ ይመስለኛል። ማሩ በጉንዶ እየሆነ ከየአውራጃው በግብር ይገባል፤ ጠጅ ሆኖ በግብር ይወጣል። ልማዱ የቆየ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1520 በልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በቆየባቸው ስድስት ዓመታት ካያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የማር ጠጅ ነበር። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ገንዘቡም ምግብ የነበረ መሆኑ ነው፦ ከአፋር በረሃ በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በገበያ ይመነዘር ነበር። ዛሬ ብር የሚቆጥረው ጣቴ ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይላስ ነበር።

ማሩ ከሩቅ ሲመጣ ተመዝግቧል። ውሃው ግን ከቅርብ ስለሚመጣ ማንም አልመዘገበውም። ጠጅ የሚጥል ሰው እንደሚያውቀው ለአንድ እጅ ማር የሚገባው ውሃ ሦስት፣ አራት እጅ ነው። ጠላ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ይጨመራል፤ አሻሮው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ቂጣው ተጋግሮ ተፈርፍሮ ድፍድፉ ይሆናል፤ በመጨረሻ በውሃ ይሞላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጋኑ ይታጠባል፣ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። አንድ ትልቅ ጋን አምስትና ስድስት እንስራ ውሃ ይውጣል እንበል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ የምታዝለው አንድ እንስራ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት የሚጠጣበትን ቀን አስቡት፤ ከዚያ ቀን በፊት ስንት ጀርባ ስንት ጊዜ ወደ ምንጩ ተመላልሶ ይሆን?

ከተማዋ በተወለደችበት ዓመታት ማግሥት አገሪቱ በክፉ ቀን ተመታች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት በሽታው በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው፤ መኳንንቱ በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ መቆፈርን እንዳይንቅ ለማሳየት። አዲስ አበባ በጥጋብ ዘመን የተሠራች ከተማ አድርጎ የሚያስባት ካለ ይህን አብሮ ያስብ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ እንጀራና ውሃ ፍለጋ የመጡ ነበሩ።

ከክፉ ቀን ማግሥት በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውሃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። የከተማው ሰው ተደነቀ። ውሃ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ ያየ አልነበረምና አዝማሪው ሳይቀር ለንጉሡ ገጠመ። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ኢልግም ብልህ ሰው ነበር። ነገር ግን ቧንቧው የደረሰው ግቢው ድረስ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ያው የቀበናን፣ የቀጨኔንና የግንፍሌን ወንዝ፣ በየገደሉ ሥር የሚንጠባጠበውንም ምንጭ ይቀዳ ነበር። የግቢው ውሃ ቀጂዎች ግን ዕረፍት አግኝተው እንደሆነ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ያቺ ቧንቧ ያልደረሰላት ከተማ በአያቴ ዘመንም አለች። አያቴ ቀበና አካባቢ ጠላ ጠምቀው ይሸጡ ነበር፤ እናቴንና ወንድሞቿን ያሳደጉት በዚያው ነው። ውሃን እንደ ሰው በጠባዩ ይለዩት ነበር። የወንዙ ለልብስና ለዕቃ ነው። የምንጩ ለጥንስስና ለእርሾ ነው፤ እርሱም ጎህ ሳይቀድ፣ እግርና እንስራ ሳያደፈርሰው የተቀዳ መሆን አለበት። ምንጩ ጋ ወረፋ ነበረ፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ቤት ያላት ቅድሚያ ይሰጣታል፤ አስታራቂ የሚሆኑ አሮጊትም አይጠፉም። ነገር የሚሰማው፣ ልጃገረድ የምትታጨው፣ ጠብም የሚጀመረው እዚያ ነው። ኋላ የቦኖ ውሃ ሲመጣ አያቴ ቢደሰቱም ለጠላ አልወደዱትም። «መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ጥንስሱን ያደነዝዘዋል» ይሉ ነበር። ስለዚህ የቦኖውን ውሃ አፉን ሳይከድኑ ያሳድሩትና ሽታው ሲበንን ነበር የሚጠነስሱበት። የውሃ ማከሚያው ኬሚካል እርሾን እንደሚያዳክም እኔ ከመጽሐፍ ያወቅሁት እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጀርባቸው ጠባሳ ግን፣ እንስራው በገመድ የሚታሰርበት፣ በወገባቸው ላይ እንደ መቀነት ዞሮ ነበር። ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየተከተልሁ አየዋለሁ።

እንስራውንስ ማን ሠራው? ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው፣ አቡክተው፣ በእጃቸው አነሣሥተው፣ ጭድና ቅጠል አንድደው የሚተኩሱት እንስራ፣ ጋን፣ ምጣድና ጀበና ከተማዋን አበላት፣ አጠጣት። ከተማዋ ግን በምላሹ «ቡዳ» አለቻቸው። በእጃቸው የተሠራውን ዕቃ ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየጠጣ ልጁን ለእነርሱ ልጅ የማይድር፣ ማታም ዓይናቸውን የሚፈራ ሕዝብ ነበርን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው እንዳይናቅ አዋጅ አስነገሩ። ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ከባቡሩና ከስልኩ በላይ የማከብረው ይህን ነው፤ ያልተፈጸመውም ከሁሉ ይልቅ ይኸው ነው። ስድቡን በልጅነቴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ስለ ጀበና ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቡና ከጥንት ጀምሮ በሁሉም ቤት የነበረ አድርገን እናወራለን። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን ቡና የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን የሚሸሽ ነበር፤ ክልከላው እየላላ የሄደው በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠጥተን የምንመራረቅበት ሥርዓት በብዙ የሸዋ ቤቶች ከቅድመ አያቶቻችን በላይ አይሻገርም።

ማገዶ ከውሃ የማይለይ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን አልቆ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። እንጦጦ ለበሰ። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ከተማዋ እሳት አግኝታ ምንጭ አጣች። አያቴ የሚያውቁት ምንጭ ዛሬ የለም፤ ቦታውን እናቴ አሳይታኛለች፣ የድንጋይ አጥርና የቆሻሻ ክምር አለበት። ከየተራራው ሥር ከቀሩት ምንጮች ተከብረው የኖሩት ጠበል የሆኑት ናቸው። ምእመናኑ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሲጠመቁ ሳይ፣ ውሃውን ከዛፍም ከሰውም የጠበቀው ቅድስናው ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የግድቦች ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው ገፈርሳ በምዕራብ፣ በ1962 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ለገዳዲ በምሥራቅ፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ድሬ፤ ቀጥሎም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች መጡ። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ሕዝቡ ግን ከግድቡ ይልቅ ቶሎ በዛ። በብዙ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት የቧንቧ ፉጨት ሲሰማ የምትነሣው ደግሞ አሁንም ሴት ናት። እንስራው ብቻ ተለውጧል። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ተተካ፤ ያለው ጣራው ላይ ሮቶ ሰቀለ። የታሸገ ውሃ ሲመጣ የአንዱ ፋብሪካ ስም «ሃይላንድ» ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ባዶውን ጠርሙስ ልጆች «ሃይላንድ ስጡን» እያሉ ሲለምኑ በየመንገዱ የምንሰማው ነበር።

ባለፈው ዓመት ቀጨኔ ወጥቼ ነበር። ሴቶቹ አሁንም ይሠራሉ። ጋን የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ጀበናና ምጣድ ይሄድላቸዋል። በጥግ በኩል ከክንድ የማይበልጡ ትንንሽ እንስራዎች ተደርድረው አየሁና ለምን እንደሚሆኑ ጠየቅሁ። አንዲት እናት እጃቸውን ከጭቃው ሳያነሡ፣

«ለአበባ ነው ልጄ፤ ሆቴሎች ይወስዱታል» አሉኝ።

አንዱን ገዛሁ። ውሃ ጨምሬበት አደረ፤ ጠዋት ስቀምሰው ከማቀዝቀዣው ይልቅ የለሰለሰ፣ አፈር አፈር የሚሸት ብርድ ነበረው።