ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃ ሙያ፤ ከካርቱም ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የሰው ልጅ እህሉን በጎተራ፣ ገንዘቡን በሣጥን፣ ምስጢሩን በማኅተም ሲጠብቅ ኖሯል። በዘመናችን ግን የነጋዴው ሒሳብ፣ የሕመምተኛው መዝገብና የተማሪው ውጤት በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጡ አዲስ ዐይነት ዘበኛ አስፈልጓል። ይህም ዘበኛ የመረጃ ጥበቃ መሐንዲስ ይባላል፤ ሙያውም የሳይበር ደኅንነት በሚል ስም ይታወቃል። ሙያው እንዴት እንደ ተወለደ፣ በጎረቤት አገር በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ያሉ ወጣቶችም ወደ እርሱ ለመድረስ በምን መንገድ እንዳለፉ መመርመር ለመምህራን ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው ዋና ሕግ ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ አስቀድሞ የተጻፈ ሲሆን፣ ጸሐፊውም መምህር ነበር። በፓሪስ የጀርመንኛ ቋንቋ ያስተምር የነበረው ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 ስለ ምስጢር ጽሕፈት ባሳተመው ጥናት፣ የአሠራሩን ዘዴ ጠላት ቢያውቀው እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ ምስጢሩ ሊጠበቅ ይገባል ሲል አስተማረ። በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም በኢንተርኔት አማካይነት በሺህ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን አወከ። በዚሁ ምክንያት ለእንዲህ ያለው አደጋ ፈጥኖ የሚደርስ ማእከል በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በ1994 ደግሞ ከሩሲያ የተነሡ ሰርጎ ገቦች ሲቲኮርፕ ከተባለው የአሜሪካ ባንክ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማዘዋወር በመሞከራቸው፣ ባንኩ በ1995 ስቲቭ ካትስን የመረጃ ጥበቃ ኀላፊ አድርጎ ሾመው። እርሱም የዚህ ማዕርግ የመጀመሪያው ባለቤት ተብሎ ይቈጠራል።

የሙያው ሊቃውንት የጥበቃን ሥራ በሦስት ነገሮች ያቆሙታል። እነዚህም ምስጢሩ ላልተፈቀደለት እንዳይገለጥ፣ መዝገቡ ያለ አግባብ እንዳይለወጥ፣ ባለቤቱም በፈለገው ጊዜ ንብረቱን እንዳያጣ ማድረግ ናቸው። ሦስቱም እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። በትልቅ ባንክ ይህን ሥራ ብዙ ሰዎች ይከፋፈሉታል። ስታርታፕ በሚባለው ጀማሪ ኩባንያ ግን አንድ መሐንዲስ ብቻውን የፕሮግራሙን ስሕተት ይመረምራል፤ ማን ምን መዝገብ እንደሚያይ ይወስናል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ አደጋ ሲደርስም በሌሊት ይጠራል። ስለዚህ ጀማሪ ኩባንያ ለወጣቱ ፈጣን ትምህርት ቤት የመሆኑን ያህል፣ ስሕተቱን የሚያርምለት አዛውንት የሌለበት አስጊ ስፍራም ነው።

ካርቱም የትምህርት ድኻ አልነበረችም። በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ብዙ መሐንዲሶችን አፍርቷል። ስሟን በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለችው አርካዊት ጋር የምትጋራው የካርቱሟ አርካዊት ሠፈር ልጆችም ይህን የመሰለ የትምህርት ተቋም በከተማቸው ነበራቸው። ነገር ግን አሜሪካ በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ ለሃያ ዓመታት ያህል ጸና። በዚህ ጊዜ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ በሱዳን አይሠራም ነበር፤ የአሜሪካን ኩባንያዎች ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ መግዛትና ማደስም ጭንቅ ሆነ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ቤት በዚሁ ማዕቀብ ሳቢያ በሱዳን ተዘጋ። የግል መገናኛ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች በመጠኑ የተፈቀዱት በፌብሩዋሪ 2015 ነው። ፈቃድ በሌለው ቅጂ የሚሠራ ኮምፒዩተር ማሻሻያው በወቅቱ ስለማይደርሰው ለሰርጎ ገብ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ለቅጣት የተዘጋው በር፣ ጥበቃን ለመማር የሚሻውን ወጣትና የሚጠብቀውን ንብረት በአንድነት ጎዳ።

ሁለተኛው መዘጋት ከውስጥ መጣ። በጁን 3 ቀን 2019 በካርቱም የወታደሮች ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በኀይል ከተበተኑ በኋላ፣ የአገሪቱ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ። አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ከስሶ ቢረታም፣ ክሱን ያቀረበው በግል ስሙ ስለ ነበረ በፍርዱ ኢንተርኔት የተከፈተለት ለእርሱ ብቻ ነበር። ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ኢንተርኔቱ እንደ ገና ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ባለቤቱ ሊደርስበት ያልቻለ መዝገብ፣ ሌባ ባይነካውም እንኳ፣ ተጠበቀ ሊባል አይችልም።

ይህ እውነት ይበልጥ የተገለጠው በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ካርቱምን ባነደዳት ጊዜ ነው። ባንኮች ሲዘጉና ሲዘረፉ፣ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ የካርቱም ባንክ ባንካክ የተባለው የስልክ አገልግሎት ለብዙ ቤተሰብ የዳቦና የመድኀኒት መግዣ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2024 የስልክ መሥመሮች በአገሪቱ ላይ ሲጠፉ፣ ሰዎች በሰማይ ሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት ወዳለበት ቦታ እየሄዱ፣ ዋጋ እየከፈሉ ገንዘባቸውን ለመፈለግ ተገደዱ። በዚያን ጊዜ የመሐንዲሱ ሥራ ከእህልና ከውሃ ጋር የሚቈጠር ሆነ።

የካርቱም ታሪክ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2006 ተቋቁሟል፤ ቴሌብር የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎትም በሜይ 2021 ተጀምሯል። በማርች 2024 አንድ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰ የአሠራር ጉድለት፣ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ለማውጣት ቻሉ። ባንኩ እንደ ገለጠው የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ አብዛኛው ተመልሷል፤ መንሥኤውም የውጭ ጥቃት አልነበረም። ከወሰዱት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙዎች ነበሩ።

ይህን ለመምህራን ማስታወስ ተማሪን ለመውቀስ አይደለም። የኮምፒዩተሩን በር የሚከፍተው ዕውቀትና በሩን የሚጠብቀው ዕውቀት አንድ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ጠባይ ነው። ሒሳብን በጥንቃቄ የሚሠራ፣ ስሕተት ሲያገኝ ለባለቤቱ የሚያስታውቅ፣ ክፍት ሣጥን ቢያገኝ የማይዘርፍ ወጣት በኩባንያ በር ላይ ድንገት አይገኝም። የሚቀረጸው በክፍል ውስጥ ነው። በካርቱም ብዙ በሮች በውጭና በውስጥ ሲዘጉ፣ መምህር አንድ ጊዜ ያስተማረውን ግን የሚዘጋ አልተገኘም፤ ስደተኛው ከቤቱ ሲወጣ ይዞት የሄደ ንብረት እርሱ ነውና።