ሌሶቶና ሴቶቿ

ለዚህ እትም ስለ አንዲት ትንሽ አገር ታሪክ ጽፈናል። ሌሶቶ ትባላለች። ዙሪያዋን በሙሉ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ስፋቷ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚል አገር ናት። ዝቅተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ተራራው ላይ በረዶ ይጥላል፣ ሰዉም ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ በፈረስ ይጓዛል። ፎቶግራፋቸውን ስናይ ጋቢ የለበሱ የደጋ ሰዎቻችን ትዝ ይሉናል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብለናል።)

አገሪቱን የመሠረቱት ንጉሥ ሞሽዌሽዌ ናቸው። በ1824 ጦርነትና ረሃብ በበዛበት ጊዜ ሕዝባቸውን ይዘው ታባ ቦሲዩ የተባለው አምባ ላይ ወጡ። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ነው። ከየአቅጣጫው የሸሸውን እየተቀበሉ ከብት ለሌለው ከብት በውሰት ይሰጡ ነበር፤ ወተቱ የተቀባዩ፣ ከብቱ የንጉሡ። በገጠራችን የርቢ ከብት የሚያውቁ አባሎቻችን ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ከተለያየ ጎሳ የመጣው ሕዝብ ባሶቶ የተባለ አንድ ሕዝብ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

ከዚያ የቦር ሰፋሪዎች መጡ። ንጉሡ ከብዙ ውጊያ በኋላ የእንግሊዝን ጥበቃ ለመኑ፣ በ1868ም አገኙ። አገሪቱ ተረፈች፤ ከካሌዶን ወንዝ ማዶ ያለው ለም መሬት ግን እንደተወሰደ ቀረ። በእኛ አስተያየት ከዚያ በኋላ የሆነው አብዛኛው ነገር ከዚህ ይጀምራል። እርሻው ጠበበ፣ የጎጆ ግብር ተጣለ፣ ወንዶቹም ገንዘብ ፍለጋ ወደ ኪምበርሊ አልማዝና ወደ ጆሃንስበርግ ወርቅ ማዕድን ሄዱ። አገሪቱ በ1966 ነፃ ከወጣችም በኋላ ይኸው ቀጠለ፤ በ1980ዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ወንዶች ደቡብ አፍሪካ ማዕድን ውስጥ ይሠሩ ነበር።

ቤቱን የያዘችው ሚስት ነበረች። ታርሳለች፣ የቀብር ማኅበር መዋጮ ትከፍላለች (የእኛን ዕድር ይመስላል)፣ ልጆች ታስተምራለች። ወንዶች ልጆች ከብት ጥበቃ ስለሚላኩ ከወንድ ይልቅ ሴት ማንበብና መጻፍ የምትችልበት አገር ሆነች። በአፍሪካ ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው።

በሕግ ግን ያገባች ሴት እንደ ልጅ ትቆጠር ነበር። ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈረምም መበደርም አትችልም። ከ1974 ጀምሮ ከማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ በግዴታ አገር ቤት ባንክ ይቀመጥ ነበር፤ ሂሳቡ ግን በስሙ ነው፣ የሚያወጣውም እሱ ሲመለስ ነው። እሷ የምትጠብቀው በፈቃዱ የሚልክላትን ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ይህ በጣም ያስገርማል፤ ወጪውን ሁሉ የምትሠራው ሰው ፊርማ የላትም! ሕጉ የተለወጠው በ2006 ነው። እኛም ብዙ የምንኮራበት የለንም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ ነበር፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣውም በ1992 ዓ.ም. ነው።

ሴት ያልገዛችበት አገር ቢሆን ይሻል ነበር። ንግሥት ማንትሴቦ ባላቸው ሲሞቱ ከ1941 እስከ 1960 በሞግዚትነት አገሪቱን መርተዋል። የባላቸው ወንድም ሴት አትገዛም ብሎ ቢከስም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።

ማዕድኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወንዶቹን በብዛት ሲያሰናብት፣ በማሴሩና በማፑትሶ የልብስ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የሚሰፉት ጂንስና ቲሸርት ወደ አሜሪካ ይላካል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በስማቸው ይከፈላል።

ባልቴት በባሏ ቦታ አለቃ መሆን ስትችል፣ ሴት ልጅ የአባቷን ሹመት አትወርስም። አንዲት የአለቃ የበኩር ልጅ ይህን በመቃወም ከሳ ነበር፤ በ2013 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አቤቱታዋን ውድቅ አደረገው።