መልስ ያጣ ደብዳቤ

ዕድሜያችንን ደብዳቤ ስንመዘግብ ስለኖርን፣ ታሪክ ስናነብም ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ደብዳቤ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው በጊዜው መልስ ማጣታቸውን፣ መዘዙም እስከ መቅደላ መድረሱን ሁላችን እናውቃለን። ለእኚሁ ንግሥት ከዚያ 23 ዓመት ቀደም ብሎ ከቻይናም ተጽፎላቸው ነበር።

የእንግሊዝ ነጋዴዎች ህንድ የሚመረተውን ኦፒየም የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ቻይና አግብተው ይሸጣሉ፤ በዚያው ገንዘብ የቻይናን ሻይ ይገዛሉ። ቡና ሸጠን ለምናድር ለእኛ ይሄ ሂሳብ አይጠፋንም፤ ሻይ ሰጥቶ መርዝ መቀበል ነው። ሊን ዘሹ የተባሉት ሹም በ1839 ከ20,000 ሣጥን በላይ ተረክበው፣ በጨውና በኖራ አሟሙተው ወደ ባሕር ለቀቁት። ለንግሥቲቱም ንግዱን እንዲከለክሉ ጻፉ። ደብዳቤው እጃቸው ስለመግባቱ ማስረጃ የለም። የመጣው መልስ የጦር መርከብ ነው! በ1842 በናንኪንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን ለቀቀች፤ የጠፋውን ኦፒየም ዋጋ ሳይቀር 6 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተደረገ። በ1858 ደግሞ ዕፁ ቀረጥ ተከፍሎበት በሕግ ይገባ ጀመር።

ታዲያ ቻይናዎች ተስፋ አልቆረጡም። በ1907 የህንዱ ኦፒየም በየዓመቱ አንድ አሥረኛ እየቀነሰ በ10 ዓመት እንዲያልቅ፣ እነሱም በአገራቸው የተስፋፋውን እርሻ እንዲያጠፉ ከእንግሊዝ ጋር ተስማሙ። በ1909 13 አገሮች ሻንግሃይ ተሰበሰቡ፤ በ1912 የዓለም አቀፉ የኦፒየም ስምምነት ሄግ ላይ ተፈረመ። ሊን ይህን አላዩም። በጦርነቱ ተወቅሰው፣ ከሹመታቸው ተሽረው ኢሊ ወደሚባል ሩቅ ጠረፍ ተግዘው ነበር፤ በ1850 አረፉ።