ቀብድ፣ በቅሎ እና ያልተነዳ መኪና

ባለፈው ወር በመድኃኔዓለም ዕለት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቀይ መኪና አሳየኝ። በሩ ሁለት፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ወለሉ ከመሬት የተጣበቀ የሚመስል። የስፖርት መኪና ነው፤ ደግሞም በባትሪ የሚሄድ የቻይና ሥራ።

«ጋሼ፣ ግማሹን አሁን ከከፈልኩ በአራት ወር ውስጥ ይገባል ይላሉ። ልክፈል?»

«ነድተኸዋል?» አልኩት።

ሳቀ። አገር ውስጥ አንድም የለም፤ ምን ሊነዳ!

መንገድ ላይ መልስ አልሰጠሁትም። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ረዳት ሳለሁ፣ እጄ ከቅባት ወጥቶ አያውቅም። በእነዚህ ዓመታት «ልግዛው ወይ?» ብሎ የመጣብኝን ሰው ሁሉ የምመልሰው በአንድ ቃል ነበር፦ ነድተህ ና። ይሄ ልጅ ግን ነድቶ ሊመጣ የማይችለውን ይዞ መጣ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ይህቺ ከተማ ሞክራ መግዛትን ትታ ሳታይ መክፈል የጀመረችው መቼ ነው የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አዲስ አበባ መኪና ሳታውቅ በፊት የክብር መጓጓዣዋ በቅሎ ነበረች። አባቴ የአራዳን ገበያ ከአባቱ ሰምቶ ሲያወራ እንዲህ ነበር የሚለው፦ ገዢ መጀመሪያ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ቀጥሎ ኮቴዋን አንስቶ ይመረምራል፣ ከዚያ ኮርቻ አስጭኖ ይወጣባታል። ዳገት ላይ አይሞክራትም፤ ቁልቁለት ይወስዳታል። ዳገት ላይ ሁሉም በቅሎ ደህና ናት፣ ጉዷ የሚታየው ስትወርድ ነው። ሻጩ የተሰረቀች አለመሆኗን የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል። የዋጋ ክርክር የሚጀመረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ገዢው ሙሉውን ካልያዘ ቀብድ ይሰጣል፤ ያ ገንዘብ በተሞከረች በቅሎ ላይ የታሰረ ገንዘብ ነው።

ቀብድ እንዲህ በገበያ ልማድ ብቻ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ቀብድን በስሙ ጠርቶ ደንግጎታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይህቺን ግን በራሴ ጥፋት ዘግይቼ ተማርኳት። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ኋላ ልመለስ፤ የመጀመሪያው መኪና የመጣበትን ሁኔታ ልብ በሉ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ያኔ ከድሬዳዋ አላለፈም። በዚያ በረሃና ተራራ መኪና የሚሄድበት መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ መኪናውን አዩ፣ ተቀመጡበት፣ ሄዱበት። እኔን የሚገርመኝ ሰውዬው የሄደበት መንገድ ነው፦ አስመጪው ዕቃውን ይዞ ደንበኛው በር ድረስ መጣ። ሥዕል አሳይቶ «ግማሹን ይክፈሉኝ» አላለም። በዚህች አገር የመኪና ታሪክ መነሻው ሞክሮ ማየት ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወረራው አምስት ዓመት ነበር፤ ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ዛሬም አልወጣም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ። ጎማ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፣ የሚጠግነውም ጎሚስታ። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ያደገ፣ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይናገር ልጅ መኪናን ከነአንጀቱ በጣሊያንኛ ይጠራዋል። ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩበት ጋራዥ ጣሊያናዊ ባለቤት ሲቆጣ ግን በአማርኛ ነበር የሚሳደበው፤ ያንን ከእኛ ነው የተማረው።

በዚያ ጋራዥ መሞከር ማለት ሥርዓት ነበር። ፊያት 600፣ ሴይቼንቶ የምንላት፣ ስትመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችን ዳስሰን እናረጋግጣለን፤ ሻጭ አሙቆ ካመጣት አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው። አስነስተን የዘይቱን ክዳን እንከፍታለን፤ ጭስ ከተፋች ፒስቶኗ ደክሟል። የእጅ ፍሬን ስበን በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን እንለቃለን፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የመጨረሻው ፈተና እንጦጦ ነው። ሦስት ሰው ጭነን በሽሮ ሜዳ ሽቅብ እናወጣታለን።

እንጦጦ የሚወጣበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ይተዋል። ሥዕል ላይ 200 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ኮልፌ ሲደርስ 150 አካባቢ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ስለተነዳ መኪና የሚጻፍ ምስጋና ሁሉ ለእኛ ግማሽ ወሬ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ፤ የባትሪ መኪና አየር አይተነፍስም፣ እንጦጦ ላይም ያው ነው አለኝ። ልክ ነው። በዚህ ረትቶኛል።

በደርግ ጊዜ ለግል አዲስ መኪና ማስገባት የሕልም ያህል ነበር። ከተማውን ላዳ ሞላው፤ ሌላው የሚገኘው ከጨረታ ነው። አንድ ኤምባሲ ወይም ድርጅት አሮጌ መኪናውን ያወጣል፤ ማስታወቂያው ላይ «ባለበት ሁኔታ» የምትል ሐረግ አለች። እነዚያ ሁለት ቃላት ብዙ ሰው አስለቅሰዋል። መኪናውን ትዞረዋለህ፣ ጎማውን በእግርህ ትመታለህ፣ ኮፈኑን ከፍተው ካሳዩህ ዕድለኛ ነህ፤ መንዳት ግን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ሳይነዱ መክፈልን የለመድነው እዚያ ነው። ዓይን ግን ቢያንስ አልቀረም፤ ቆመን ያየነውን ነው የገዛነው።

ዓይኑንም ያስቀረው የዱባይ መንገድ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ በኋላ ያገለገለ ኮሮላና ቪትዝ በጅቡቲ በኩል መጉረፍ ጀመረ። ለዘመድ ወይም ለደላላ ይከፈላል፣ ፎቶ ይላካል፣ መርከብ ይጠበቃል። ብዙው ሰው ግን አሁንም የሚገዛው ከተማ ገብቶ የቆመውን ነበር፤ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ዞር አድርጎ ይመጣል። ይህን የለወጠው የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። የሕጉ ሐሳብ አሮጌ መኪና ማስቀረት ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ያገለገለ መኪና ማለት ቆሞ የሚጠብቅህ፣ የሚነዳ መኪና ማለት ነው። እሱ ሲወደድ ገዢው ወደ አዲሱ ዞረ፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልመጣም፤ በትዕዛዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ የባትሪዎቹ ደግሞ ተሰርተው ያለቁት 15 በመቶ ብቻ ቀረጥ እየከፈሉ ሲገቡ፣ መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ በር አመራ።

አሁን የራሴን ልናገር። በሰኔ 2002 ዓ.ም. ለአንዲት ትንሽ አዲስ መኪና 90,000 ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። ሃምሳ ሰው «ሳትነዳ አትግዛ» ብዬ የመከርኩ ሰውዬ ማለት ነው። ለልጄ ሠርግ ትደርሳለች ብዬ ነበር። ነሐሴ 26 ቀን ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ ከ13.60 አካባቢ ወደ 16.35 አካባቢ ዘለለ። በመስከረም ስልክ ተደወለልኝ፤ ጨምር። ውሉ ላይ ዋጋው የተቆረጠ ነው አልኩ፤ እንግዲያው ጠብቅ ተባልኩ። ሠርጉ በታክሲ አለፈ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ 90,000 ብሬ ተመለሰልኝ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ጭማሪ። ያኔ አንድ የማውቀው ጠበቃ ውሌን አንብቦ፣ «ጋሽዬ፣ ይሄ ቀብድ አይልም፤ ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚለው» አለኝ። እጥፉን የመጠየቅ ነገር በዚያች በአንዲት ቃል ምክንያት ቀረብኝ። አስመጪውን ስሙን አልጠራም፤ ሱቁም ዛሬ የለም።

የሆላንድ ካር ነገር ግን የአደባባይ ታሪክ ነው፤ እኔ ገንዘቤን የሰጠሁት ለሌላ ነው። ሞጆ ላይ መኪና የሚገጣጥም፣ ለመኪኖቹ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ የወንዞቻችንን ስም የሚያወጣ ድርጅት ነበር። ሰው በኩራት ቅድሚያ ከፈለ። በ2005 ዓ.ም. ድርጅቱ ከሰረ፤ ለውድቀቱ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ ያው የብር መውረድ ነበር። የከፈለው ሰው መኪናውን ቢነዳው ኖሮ ይተርፍ ነበር? አይተርፍም። አባይን ብዙ ሰው ነድቷታል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። የወደቀው መኪናው አልነበረም።

ለዚህ ነው ለልጁ የሰጠሁት መልስ እኔንም ያስገረመኝ። ሃምሳ ዓመት «ነድተህ ና» ስል ኖሬ፣ መንዳት ብቻውን አያድንም ለማለት ተገደድኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ያን ሰሞን ግማሽ ከፍሎ መርከብ ይጠብቅ የነበረ ሰው መኪናውን ቢነዳውም ባይነዳውም ያው ነው። በሰለጠነውም ዓለም ሰው ሳይነዳ ይከፍላል። ሻኦሚ የተባለው የስልክ ድርጅት በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ መኪናውን ሲያወጣ በ27 ደቂቃ 50,000 ትዕዛዝ ተቀብያለሁ ብሏል። ማስያዣው ግን 5,000 ዩዋን ሲሆን፣ በሰባት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለቀየረ የሚመለስ ነበር። ቴስላ ደግሞ በኅዳር 2010 ዓ.ም. አዲስ የስፖርት መኪና አሳይቶ፣ በ2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይደርሳል ብሎ 50,000 ዶላር ማስያዣ ጠየቀ፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ለአንድም ደንበኛ አላስረከበም። የሀብታም አገር ሰውም ይጠብቃል፤ ልዩነቱ የሚጠብቅበት ገንዘብ እጁ ላይ አይቀልጥም።

በማግስቱ ልጁን ይዤ በሰፈራችን በእግር ዞርን። ሜትር ይዤ ነበር። ከዋናው አስፋልት ወደ ቤታችን በሚገባው ኮብልስቶን ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ለካሁት፤ ሥዕሉ ላይ ከተጻፈው የመኪናው የወለል ከፍታ ይበልጣል። ልጁ ዝም አለ። «በሰያፍ አሳልፈዋለሁ» አለ ቆይቶ። በሰያፍም ለካነው። የሚያልፍ ይመስላል፣ ብቻውን ከተቀመጠ። እናቱን ከጫነ ግን ሆዱን ይፍቃል።

ከዚያ ቤት ገብተን ውሉን አነበብን፤ አራት ገጽ ነው። ስለ መቀመጫው ቆዳ ግማሽ ገጽ ተጽፏል። ስለ ምንዛሪ አንድ መስመር፦ ለውጥ ቢኖር ልዩነቱን ገዢው ይሸፍናል። ስለ መዘግየት ምንም የለም። «ቅድሚያ ክፍያ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ አለ፤ «ቀብድ» አንድ ጊዜም የለም። እርሳስ አንስቼ ሦስት ነገር ጻፍኩለት። የምንዛሪው ልዩነት ለሁለት ይከፈል። የመረከቢያው ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ይመለስ። ስድስቱም ቦታ «ቅድሚያ ክፍያ» ተሰርዞ «ቀብድ» ይግባ። እነዚህን ከተቀበሉ ሳትነዳውም ክፈል አልኩት፤ ስለ ሆዱ መፋቅ እናቱ ትወስን።

ማክሰኞ ይዞት ሄደ። የምንዛሪውን እንነጋገርበት አሉት። ቀኑንም እንጽፋለን አሉት። ቀብድ በሚለው ቃል ግን አንፈርምም ብለው መለሱት፤ ገንዘቡ እስከ ዛሬ ባንክ ነው።