ከእርሳስ አረር እስከ መዳብ ልባስ
በጣና ዙሪያ የመሣሪያና የባለእጅ ታሪክ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው ተኳሹና አዝማቹ ነው። ጥይቱን ያቀለጠው፣ ባሩዱን የወቀጠው፣ የተሰበረውን ቃታ የጠገነው ባለእጅ ግን ከታሪኩ ዳር ቆሞ ይቀራል። የጣና ሐይቅ ዙሪያ ይህን የተዘነጋ ሰው ለመፈለግ ከሁሉ ይልቅ የሚመች ሥፍራ ነው፤ ጠመንጃ የአገሪቱን ዕጣ የወሰነበትም፣ ኢትዮጵያ መድፏን በራሷ ምድር ለማቅለጥ የሞከረችበትም አካባቢ ነውና።

በ1535 ዓ.ም. ከሐይቁ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በጥይት ተመትተው ወደቁ። ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፉት ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር በ1533 ዓ.ም. ከገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የተረፉት ነበሩ። በኢማሙም በኩል የቱርክ ነፍጠኞች ተሰልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ነፍጥ የሥልጣን ምሰሶ ሆነ።

ያ የጥንቱ ነፍጥ ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ምግቡን ከቤት ያገኝ ነበር። እርሳስ በጥቂት እሳት ይቀልጣል፤ በቅርጽ ውስጥ ሲፈስም አረር ይሆናል። ባሩድም ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚወጣ ጨው በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር። ወናፍ ያለው ቀጥቃጭ ባለበት መንደር ሁሉ ነፍጠኛው ጾሙን አያድርም ማለት ነው። በጎንደርና በደምቢያ ይህን መሰሉን የብረት ሥራ በአብዛኛው የያዙት ቤተ እስራኤልና ሌሎች ባለእጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ ባላባታዊው ኅብረተሰብ ማረሻውንና ጦሩን ከእጃቸው እየተቀበለ ራሳቸውን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው፣ ርስትም ይነፍጋቸው ነበር። የሥራው ውጤት ተፈላጊ፣ ሠራተኛው ግን የተናቀ ሆኖ ኖረ።

ይህን ተቃርኖ በጉልህ ከተረዱት ነገሥታት አንዱ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሠራተኞች መንደር አቋቋሙ። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ጓደኞቻቸው፣ እንዲሁም ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃል በዚያ ሰፈሩ። ወንጌል ለመስበክ የመጡት ሰዎች መድፍ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሙያው እንደሌላቸው ተናገሩ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እቶኑ ታድሶ ሥራው ቀጠለ፤ በመጨረሻም ቀልጦ የፈሰሰው ብረት መልክ ያዘ። ከነጮቹ ጋር የአገሩ ልጆችና ባለእጆች ይሠሩ ነበር። ለዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ጋፋት የመድፍ ማቅለጫ ብቻ ሳትሆን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ነበረች።

በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በጣና ዳር በቆራጣና በዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ መዘውር አስገጥመው የእንፋሎት መርከብ አምሳያ እንዲሠራ አደረጉ። በዚያው ዓመት ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ሠራተኛና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ ምጽዋ ደረሱ፤ ይሁንና የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩት ወገኖቹ አስቀድመው ካልተፈቱ አልሰጥም ስላለ ደጋውን ሳይረግጡ ተመለሱ። ጥበብን ከውጭ ለማስመጣት የተደረገው ጥረት በእስረኛ ድርድር ተቋጨ። የቀረው ጋፋት በገዛ እጇ የወለደችው ሴባስቶፖል ነበር። በሕዝብ አፍ ክብደቱ 70 ቶን ይባላል፤ በልኬት ግን ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ ሲወድቁ የጋፋት እቶንም አብሮ ጠፋ።

ዓለም ግን አልቆመም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጽ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን ከኋላ የሚጎርስ፣ ጥይቱም የናስ ቀፎ ያለው ነበር። ውጅግራም ተከተለ። ቀለህ ውድ ዕቃ ሆነ፤ ጥይት ራሱ በብዙ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ የስዊዙ መኮንን ኤድዋርድ ሩቢን እርሳሱን በመዳብ ልባስ ሸፈነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ባዶ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ይፋቅና ጠመንጃውን ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ1886 የፈረንሳዩ ሌቤል ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድንና ልባስ ያለውን ጥይት አጣምሮ ወጣ።

ይህች ስስ ልባስ የታሪክን ሚዛን ለወጠች። እርሳስ ለማቅለጥ ምድጃ ይበቃ ነበር፤ ልባስ ለመሥራት ግን ልኩ የማይዛነፍ ቆርቆሮ፣ በየደረጃው የሚስብ ማተሚያ መኪና፣ በእሳት እያለሰለሰ የሚመልስ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ጥይት ከጓዳ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካ የሌለው አገርም ጠመንጃ ይዞ እንኳ የሌላ እጅ ጠባቂ ሆነ። የዚህ ጥገኝነት ዋጋ በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ታየ። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ ኃያላን መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ እገዳው የጎዳው ግን ፋብሪካ የሌላትን ኢትዮጵያን ነበር። በወረራው ዓመታት በጎጃምና በበጌምድር የተዋጋው አርበኛ ጥይቱን በአመዛኙ ከጠላት ወገብ ላይ ፈትቶ መታጠቅ ነበረበት።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ ግን ብቻውን እቶን አያነድም። በባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒክ ሲከፈትና የአገሩ ወጣት በቶርኖና በብየዳ መሣሪያ ፊት ሲቆም፣ የጋፋት ጥያቄ ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ሐይቅ አካባቢ እንደገና ተነሣ ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ግን ለመድፍ ሳይሆን ለፋብሪካ፣ ለእርሻ መሣሪያና ለሰላም ሥራ ነበር።

ከጋፋት የሚቀሰመው ትምህርት የመሣሪያ ፍቅር አይደለም። ሴባስቶፖል ንጉሡን አላዳነም፤ የተጎተተበት መንገድም በገበሬው ላብና ደም የታጠበ ነበር። ትምህርቱ ሌላ ነው። ብረት የሚያቀልጠውን እጅ የናቀ ኅብረተሰብ፣ በክፉ ቀን የሌላውን እጅ ሲለምን ይገኛል።