ጡረታና መሬት፤ የይፋግ ገበሬ በእርጅናው በምን ይጦራል?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚለው ምርቃት በአገራችን የማይሰማበት ቤት የለም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለወርኃዊ አበል የምንጠቀምበት «ጡረታ» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ ከመጦር ነው። ነገር ግን ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ ሁለት ነው፤ አንደኛው ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው፣ ሁለተኛው መንግሥት ለአገልጋዩ የሚከፍለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ደመወዝ በልቶ የማያውቀው ገበሬ ከነዚህ ከሁለቱ ከየትኛው ይቈጠራል የሚለውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም ይፋግንና ከእርሷ በስተደቡብ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ነው።

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጐንደር ወደ ደቡብ የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ይሁን እንጂ የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ በይበልጥ የተመሠረተው በርስት ላይ ነበር። በበጌምድር የርስት ሥርዐት መሬት ከአባትም ከእናትም ወገን ይወረስ ነበር። አባት ለአደገ ልጁ ጉልማ ቈርጦ ቢሰጠውም የቀረውን በእጁ ያቈየዋል። ጕልበቱ ሲደክም ልጁ ያርስለታል። በድንበር ክርክርም የሽማግሌው ቃል ይሰማል፤ የትውልዱን ሐረግና የመሬቱን ወሰን የሚያውቅ እርሱ ነውና። እንግዲህ ክብሩ ከልጅ ፍቅር ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ በእጁ የያዘው ነገር ነበረው ማለት ነው።

የቀድሞው መንግሥትም ለአገልጋዮቹ ያስብ የነበረው በመሬት ነው። ማደሪያ መሬት በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ ይሰጥ ነበር። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተወሰነ የገንዘብ መብት ሆነ። ይኸው መብት ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጨምሯል። ሁሉም ግን ከደመወዝ ላይ በሚቈረጥ መዋጮ የቆመ ስለሆነ ገበሬውን ከደጅ አስቀርቶታል። ለገበሬው የነበረው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ እርሱም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ነገር ግን ልጁን በዳኛ ፊት ከስሶ ቀለብ የሚቀበል አባት ተጦረ ለማለት ያስቸግራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለመሬት ቀንበር ነፃ ያወጣ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክደውም። ሆኖም አዋጁ መሬትን በሽያጭም ሆነ በውርስ ማስተላለፍን ስለ ከለከለ፣ ባለይዞታው ሲሞት መሬቱ ለማን እንደሚያልፍ የሚወስነው ሕጉ እንጂ ሽማግሌው አልነበረም። የሚጦረውን ከማይጦረው ለይቶ የሚያወርስበት ሥልጣን በዚያን ቀን ከእጁ ወጣ። ሕጉ ያነጣጠረው በከበርቴው ላይ ሆኖ ሳለ፣ አቅመ ደካማውንም እግረ መንገዱን ነካው።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉት ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ከዘውዱ መውደቅ እስከዚያ ጊዜ 22 ዓመት አልፎ ስለ ነበር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቀሩት ሹማምንት በአመዛኙ በዕድሜ የገፉ እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም። እነርሱም መሬት ብቻ ሳይሆን በሸንጎ የነበራቸውን ተሰሚነት ጭምር አጡ።

ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 የገጠር መሬት ይዞታን በኑዛዜ ማስተላለፍንና ማከራየትን ፈቀደ። የይዞታ ደብተርም ለገበሬው ተሰጠ። በፎገራ ሜዳ በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ተስፋፍቶ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ስላደረገው፣ ማረስ ያቃታቸው ሽማግሌና ባልቴት መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው የሚያድሩበት መንገድ ተከፈተ። በእኛ አስተያየት ይህ ሕግ ስሙ የጡረታ ሕግ ባይሆንም፣ ለአካባቢው አረጋዊ ከብዙ የጡረታ አዋጅ የበለጠ ጠቅሞታል።

መሬት ለሌለውስ ምን አለው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉና ረዳት ለሌላቸው ቀጥታ ድጋፍ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የተዘረጋው የምግብ ዋስትና በጐደለባቸው ወረዳዎች ስለሆነ፣ አንድ አረጋዊ የሚረዳው ስላረጀ ሳይሆን ወረዳው ስለተራበ ነው። ጐረቤቱ ወረዳ ጥጋብ ከሆነ በዚያ ያለው ድኻ ሽማግሌ ከዚህ መዝገብ ውጭ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የይፋግ ሽማግሌ ከማኅበራዊ ኑሮ የሚገለለው ዕድሜው ስለ ገፋ ሳይሆን እጁ ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ የመንግሥት እርዳታ በሁለት በኩል ሊሄድ ይገባዋል እንላለን። አንደኛ፣ አቅመ ደካሞች የሚያደርጉት የእኩልና የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ደብተሩም ከባልቴቲቱ እጅ በማታለል እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ለሌለው ገበሬ በወረዳው ችግር ሳይሆን በራሱ ዕድሜ የሚታሰብ አበል መቍረጥ ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አይጠፋንም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ አርሶ ያበላ ሰው በስተመጨረሻው የሌላውን እጅ ሲጠብቅ እያየን፣ «ጡረታ» የሚለውን ቃል ለደመወዝተኛው ብቻ ብንተወው ከቃሉ ትርጕም ግማሹን እንደ ጣልነው ሊቈጠርብን ይገባል።