ባዕድ ያቆየው ጭፈራ

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ አበው። የብሬክ ዳንስ ታሪክ ግን ይህን ብሂል ይፈታተነዋል። በኒው ዮርክ የድሆች ሠፈር የተወለደውን ይህን ጭፈራ፣ የአገሩ ገበያ ፊቱን ባዞረበት ዘመን ተቀብለው ያቆዩት በአብዛኛው ባዕዳን ናቸው። በጀርመን አገር የተቋቋመ አንድ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በብሮንክስ ነው። ከ1948 ጀምሮ የተገነባው አውራ ጎዳና ሠፈሩን ሰንጥቆ ነዋሪውን በትኖት ነበር፤ በ1970ዎቹ ደግሞ መኖሪያ ቤቶቹ በእሳት ይጋዩ ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና፣ በቁጥር 1520 ሕንፃ ውስጥ፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ትምህርት ሊከፈት ሲል የወጣቶች ድግስ አሰናዳች። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዲጄ ኩል ኸርክ በሚለው ስሙ ነው። ኸርክ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጨፋሪው ከሁሉ አብልጦ የሚነሣው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቅጽበት ነው። ይህች ቅጽበት «ብሬክ» ትባላለች። ሁለት ተመሳሳይ ሸክላዎችን በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ አስረዘማት፤ በተረዘመችው ቅጽበት ውስጥ ገብተው የሚጨፍሩት ወጣቶችም ቢ-ቦይ እና ቢ-ገርል ተባሉ። አዳራሽ አልነበራቸውም፣ መምህርም አልነበራቸውም። መድረካቸው ሰው የከበበው ክብ ነበር፤ አንዱ ገብቶ ያለውን ያሳያል፣ ሌላው ገብቶ ይመልስለታል።

ዝናው ሲመጣ እንደ ጎርፍ መጣ። በ1977 የተመሠረተው የሮክ ስቴዲ ቡድን በ1982 ከራፐሮችና ከዲጄዎች ጋር አውሮፓን ዞረ። በ1984 ሲድኒ የተባለው አቅራቢ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ሂፕ ሆፕን ለየቤቱ አደረሰ፤ በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ የብሬክ ጨፋሪዎች ለዓለም ታዩ። ጎርፉ ግን እንዳመጣጡ ሄደ። የአሥርቱ ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ የፊልምና የማስታወቂያ ሰዎች ሌላ ፋሽን አገኙ፤ ትናንት የተጨበጨበለት ጭፈራ ዛሬ መሳለቂያ ሆነ።

ግን ጎርፉ ያስቀረው ደለል ነበር። በምሥራቅ ጀርመን በ1985 «ቢት ስትሪት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለሕዝብ እንዲታይ ተፈቀደ፤ ባለሥልጣናቱ የካፒታሊዝምን ክፋት ያሳይልናል ብለው ነበር። ወጣቱ ከፊልሙ ያነሣው ጭፈራውን ሆነ። በምዕራብ ጀርመን ደግሞ ስቶርም በሚል ስም የሚታወቀው ኒልስ ሮቢትስኪ ፋሽኑ ካለፈ በኋላም ሳይተው ከቀጠሉት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

በ1990፣ የበርሊን ግንብ በፈረሰ ማግሥት፣ ቶማስ ሄርገንሮተር በሃኖቨር ከተማ እነዚህን የተበታተኑ ጨፋሪዎች የሚያሰባስብ ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩ በኋላ «ባትል ኦቭ ዘ ይር»፣ ማለትም «የዓመቱ ፍልሚያ» በሚል ስም ታወቀ። ደንቡ ሁለት ክፍል አለው፦ እያንዳንዱ ቡድን አስቀድሞ የተቀናበረ ትርኢት ያሳያል፤ ከዚያ ከዳኞች ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ጥቂት ቡድኖች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። በ1991 የስቶርም ቡድን ባትል ስኳድ አሸነፈ። ከወጣቶች ስብሰባ የተነሣው ውድድር ውሎ አድሮ በብራውንሽቫይግ ከተማ ሺዎች የሚታደሙበት ፌስቲቫል ሆነ።

ሰውነት እንጂ መጽሐፍ የማይመዘግበው ጥበብ፣ የሚያውቀው ሰው ሲያቆም ይጠፋል። የፌስቲቫሉ ትልቁ ውለታ ይህን መጥፋት መከልከሉ ነው። ውድድሩ የተቀረጸባቸው የቪዲዮ ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገር ወደ አገር እየተባዙ ዞሩ፤ በሩቅ ከተማ ያለ ልጅ አንዲቱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ እያጠነጠነ ተማረ። የደቡብ ኮሪያን ያህል ፈጥኖ የተማረም የለም። ኤክስፕሬሽን የተባለው የኮሪያ ቡድን በ2002 አሸነፈ፤ እስከ 2010 በተካሄዱት ዘጠኝ ውድድሮች ስድስቱን የወሰዱት የኮሪያ ቡድኖች ናቸው። በ2005 ያሸነፈው ላስት ፎር ዋን ከዋና ከተማዋ ርቃ ከምትገኘው ከጆንጁ የመጣ ነበር፤ የቤንሰን ሊ ዘጋቢ ፊልም «ፕላኔት ቢ-ቦይ» የዚያን ዓመት ጉዞ መዝግቦታል።

ከፌስቲቫሉ የወጡት ጨፋሪዎች የባህል ደጆችንም አንኳኩተዋል። በ2003 ያሸነፈው የሊዮኑ ፖኬሞን ቡድን ልምምዱን ያደርግ የነበረው በከተማዋ ኦፔራ ቤት ደጃፍ ነው፤ በኋላ ወደ ውስጥ ተጋበዘ። ሊባኖስ የተወለደው ቫርታን ባሲልና ቱርክ የተወለደው ካዲር ሜሚሽ በ1993 በበርሊን የመሠረቱት ፍላይንግ ስቴፕስ በ2000 ካሸነፈ ከአሥር ዓመት በኋላ የባኽን የክላቪየር ድርሰት በብሬክ ዳንስ ተረጐመ። የስደተኛ ልጆች፣ የጀርመንን ክላሲካል ቅርስ፣ በብሮንክስ ቋንቋ!

ይሁንና የተከፈለ ዋጋም አለ። ክብ ፊትና ኋላ የለውም፤ ተመልካቹ ራሱ ተራውን የሚጠብቅ ጨፋሪ ነው። መድረክ ግን ፊት አለው፤ ዳኛ አለው፤ ነጥብ አለው። ነጥብ ባለበት ደግሞ ለመቁጠር የሚቀለው፣ ማለትም አክሮባቱ፣ ለመቁጠር የሚያስቸግረውን ለዛ እየገፋ ይሄዳል። ከከበሮው ጋር የመነጋገር ጥበብ በሽክርክሪት ብዛት ሲሸፈን ያዘኑ ሰዎች ቅሬታቸው እውነት አለው። ያለ መድረኩ ግን የሚያዝኑለት ጭፈራ ራሱ ይተርፍ ነበር ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ።

በ2024 በፓሪስ፣ በኮንኮርድ አደባባይ፣ ብሬክ ዳንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። በሴቶች ጃፓናዊቷ አሚ ወርቅ ወሰደች፤ በወንዶች የኮሪያ ስደተኞች ልጅ የሆነው ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ ወርቁን፣ ፈረንሳዊው ዳኒ ዳን ብሩን አገኙ። ትውልድ አገሩ አሜሪካ ያገኘችው አንድ ነሐስ ብቻ ነው፤ እርሱም የቪክቶር ሞንታልቮ ነው። ሞንታልቮ ጭፈራውን የተማረው ከአባቱ ሲሆን፣ አባትየው ደግሞ በወጣትነቱ የጨፈረው በሜክሲኮ ነበር። ከአሜሪካ የወጣው ጭፈራ በስደተኛ እግር ወደ አሜሪካ ተመልሶ ነበር ማለት ነው።

የ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መርሐ ግብር ብሬክ ዳንስን አላካተተም። በ1984 መዝጊያውን ያደመቀባት ከተማ በውድድሯ ቦታ አልሰጠችውም። ጨፋሪዎቹ ግን ይህን ዓይነት ስንብት ከአርባ ዓመት በፊት አይተውታል፤ ያን ጊዜ ያላቆመ ሰው ዛሬም አያቆምም።